በጃፓን ትንሽ ከተማ ከጎረቤት ጋር እንዴት ልግባባ?

የናጋኖዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቶኪዮ ትምህርቴን ጨርሼ በናጋኖ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሥራ ከያዝኩ አራት ወር ሆነኝ። ቶኪዮ ሳለሁ እሑድ እሑድ ካትሱሺካ እየሄድኩ ከአገሬ ልጆች ጋር ቡና እጠጣ ነበር፤ እዚህ ግን እስካሁን አንድም ሐበሻ አላገኘሁም።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ በቤቴ በር እጀታ ላይ ወረቀት የታሰረበት ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ማስታወቂያ ስለመሰለኝ ከጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። በዘጠነኛው ቀን አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ መጥተው ጎንበስ ቀና እያሉ ሰሌዳውን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። በዚያው ሳምንት ደግሞ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ተነሥቶ የእኔ ከረጢት ብቻ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ከቁራ መከላከያው መረብ ሥር ቀርቶ አየሁት። እዚህ ከረጢቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ የማን እንደሆነ ያላወቀ ጎረቤት የለም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው የቀዘቀዘ ይመስለኛል። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ነገሩን በዝምታ ልለፈው? የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን ስለማስቀየርም የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ፤ አውቶቡሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የለም።

ከሱካጋዋ

እህቴ፣ በዝምታ አይለፉት፤ ይሂዱ። ያ ሰሌዳ ካይራንባን ይባላል። ጂቺካይ የሚሉት የሰፈር ማኅበር የጽዳትን፣ የበዓልንና የአደጋ ልምምድን ቀን የሚያስታውቀው በእርሱ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንብቦ፣ ከስሙ አጠገብ ማኅተም ወይም ፊርማ አኑሮ ለቀጣዩ ቤት ያደርሳል። ስለዚህ ሰሌዳው ዘጠኝ ቀን እርስዎ ዘንድ ሲቀመጥ ከእርስዎ በኋላ ያሉት ሁሉ ወሬው ሳይደርሳቸው ቆይተዋል።

እኔ ጂቺካይ የገባኝ እንደ እድር አድርጌ ማየት ስጀምር ነው። እድር ለሐዘን ቀን የቆመ ሲሆን ይህኛው ለሣር አጨዳና ለመሬት መንቀጥቀጥ ዝግጅት ይሁን እንጂ፣ መዋጮው፣ በየተራ የሚደርሰው ኃላፊነትና የቀረ ሰው ስም መነሣቱ አንድ ነው። አባልነቱ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ የቆሻሻ ማስቀመጫውን የሚያጸዳው እርሱ ስለሆነ መግባቱን እመክራለሁ።

ለአዛውንቷና ሃንቾ ለሚባለው የሰፈሩ ተጠሪ አንዳንድ ካርቶን የታሸገ ብስኩት ይያዙ። ውድ ነገር አይግዙ፤ ተቀባዩ ብድሩን ለመመለስ ይጨነቃል። «ሺራናኩቴ ሱሚማሴን»፣ ማለትም «ባለማወቄ ይቅርታ»፣ ካሉ በኋላ የቆሻሻውን ቀን መቁጠሪያ አውጥተው «አሳዩኝ» ይበሉ። የአለያየቱ ሕግ በየከተማው ስለሚለያይ የቶኪዮ ልምድዎ እዚያ አይሠራም፤ በቶኩሺማ ያለችው የካሚካትሱ ከተማ ነዋሪዎች ቆሻሻቸውን ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ይለያሉ። አለማወቅዎ አያስቀይማቸውም።

ለእኔ በሩን የከፈተልኝ የበጋው ሣር አጨዳ ነበር። እጄ ማጭድ እንደለመደ ያዩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «ኢትዮጵያ» ስላቸው ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ጓንታቸውን አውልቀው «አበበ!» አሉ። ሱካጋዋ የጃፓናዊው ሯጭ የጹቡራያ ኮኪቺ የትውልድ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ እርሱ ሦስተኛ ወጥቷል። ሽማግሌው ያን ሩጫ ልጅ ሳሉ በጎረቤት ቴሌቪዥን እንዳዩት ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱባና ነጭ ሽንኩርት ከደጄ ጠፍቶ አያውቅም።

በያማጋታ የሚኖር

ስለ መንጃ ፈቃዱ ልመልስ። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለው ሰው ከጽሑፍም ከተግባርም ፈተና ነፃ አይሆንም፤ ፈቃዱን ካወጡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር አገር ቤት መቆየትዎን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃሉ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የጽሑፉ ጥያቄ ከ10 ወደ 50 ከፍ ብሏል፤ ለማለፍ ከመቶ 90 ያስፈልጋል። በተግባሩ ፈተና ብዙዎቻችንን የሚጥለን ግራ መስመር መያዙ ሳይሆን ባቡር ሐዲድ ከማቋረጥ በፊት ሙሉ በሙሉ አለመቆማችን ነው። በአሠልጣኝ መለማመጃ ሜዳ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢከፍሉ ገንዘቡ አይባክንም።

ክረምቱም እየመጣ ነውና ባለ 18 ሊትሩን ቀይ ጀሪካን ከአሁኑ ገዝተው ለማሞቂያው ነጭ ጋዝ ይሙሉ። በረዶ በጣለ ማለዳ ደግሞ የራስዎን ደጅ ሲጠርጉ የአዛውንቷን መግቢያም አብረው ይጥረጉላቸው።

የሺማኔዋ

የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ከልቤ ልጨምር። ቅዝቃዜውን ሁሉ የራስዎ ጥፋት አድርገው አይውሰዱት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳላስቀይም ስሳቀቅ፣ ቡና ስቆላ ጢሱ ጎረቤት እንዳይደርስ መስኮት ስዘጋ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ደግሞ ደንግጬ ስሮጥ ኖሬ ታመምኩ። ዛሬም በሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ «መቼ ነው አገርሽ የምትመለሺው?» ይሉኛል፤ ለክፋት እንዳልሆነ ባውቅም ይሰማኛል። ያዳነኝ በየሳምንቱ ያንኑ ቀን ወደ ፍል ውኃው መሄዴ ነው። እነዚያኑ ሴቶች ስለማገኝ ሦስተኛው ወር ላይ አንዷ ትንሿን ፎጣ ውኃው ውስጥ መንከር ነውር መሆኑን ነግረውኝ፣ አጣጥፈው በገዛ እጃቸው አናቴ ላይ አኖሩልኝ። እንዲህ ያለ አንድ ቋሚ ቦታ ይፈልጉ፤ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ካትሱሺካ መሄድዎን አያቋርጡ።

የናጋኖዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ብስኩቱን ይዤ ሄድኩ። አዛውንቷ ወደ ማዕድ ቤታቸው አስገብተው የቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና የሚቃጠለውን በቀይ፣ ፕላስቲኩን በሰማያዊ እርሳስ አከበቡልኝ፤ ከረጢቴ የቀረው የፀጉር ቅባት ስፕሬዩ ቆርቆሮ ከሚቃጠለው ጋር ገብቶ ኖሯል። ባዶ ቆርቆሮ ከመሳቢያ አውጥተውም የት እንደሚቀመጥ አሳዩኝ። ካይራንባኑ ትናንት መጥቶ ነበር፤ ፈርሜ በዚያው ምሽት ለቀጣዩ ቤት አደረስኩ።