የ9 ዓመት ልጄን ራሱን ያመዋል፣ ማይግሬን መሆኑ በምን ይታወቃል?

እናት ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ በወር ሁለት ሦስቴ ግንባሩን ይዞ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ግራም ቀኝም ያመኛል ይላል። ፊቱ ይገረጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይተኛል። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲነሳ ምንም እንዳልሆነ ሰው ኳሱን ይዞ ይወጣል! አንዱ ክሊኒክ ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠን፣ ሌላው ታይፎይድ አለ፣ መነፅርም አስገዙን፣ ወይ ፍንክች። አያቱ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ጠበል ውሰጂው ትለኛለች። ማይግሬን ነው እንዳልል በአንድ ጎን ነው የሚያመው ይባላል። ሲቲ ስካን ላስነሳው? ዋጋው ግን አይቀመስም።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ሳያዩት እንዲህ ነው ማለት አይቻልም፣ ግን የጻፍሽው ማይግሬን ማይግሬን ይሸታል። ልጆችን ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ፣ ግንባር አካባቢ ነው የሚያማቸው፣ ወደ አንድ ጎን የሚያደላው ከፍ ሲሉ ነው። ማይግሬንን የሚያሳይ የደም ምርመራም ራጅም የለም። ሐኪሙ ታሪኩን ጠይቆ፣ ልጁን መርምሮ ነው የሚለየው። ቢያንስ 5 ጊዜ የተመላለሰ መሆን አለበት፣ ካልታከመ ደግሞ ከ2 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል (ለአዋቂ ከ4 ነው የሚጀምረው)። ልጅ «ብርሃን ያስጠላኛል» ብሎ ላይነግርሽ ይችላል፣ ብርድ ልብሱን መከናነቡን ነው የምታዪው። ከቤተሰብ ራሱን የሚያመው አለ?

እናት ነኝ፦
እናቴ! ሻሿን ግጥም አድርጋ አስራ ጨለማ ክፍል ትተኛ ነበር። ጨጓራዬ ነው ነበር የምትለው።

የሁለት ልጆች አባት፦
በቃ ይሄን ለሐኪሙ ንገሪው፣ በዘር ይሄዳል። ደብተርም ያዢ፦ ስንት ሰዓት ጀመረው፣ ምን በልቶ ነበር፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። የኔዋ 14 ዓመቷ ነው፣ ስንመዘግብ ጊዜ ጾም ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ የዋለችበት ቀን ሁሉ እየተነሳባት እንደነበር ታወቀ። የዕጣን ሽታም አይስማማትም።

ነርሷ፦
ሲቲ ስካኑን ሐኪሙ ካላዘዘ ተዪው። የነርቭ ምርመራው ደህና ከሆነና ታሪኩ ከገጠመ አያስፈልግም፣ ጨረርም አለው። ግን ሕመሙ ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሰው ከባሰ፣ ሲያስል ከጨመረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ሁለት ሁለት ካየ ሳትውዪ ሳታድሪ አሳዪው። ትኩሳት ኖሮት አንገቱ ከደረቀማ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ማስታገሻውን በኪሎው ልክ፣ ገና ሲጀምረው ስጪው። በሳምንት ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ከተለመደ ግን መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

እናት ነኝ፦
ተባረኩ። የሕፃናት ሐኪም ጋ ማክሰኞ ቀጠሮ አለን፣ ደብተሩን ዛሬ እጀምራለሁ። ከአያቱ ጋር ካልጾምኩ እያለ ነው፣ ለሷ ማን ይንገርልኝ 😂