«ጂንጃ»ን «መቅደስ» ማለት ያስኬዳል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጃፓን ሚያጊ ግዛት፣ ኮረብታ ላይ ስላለው የሺዮጋማ ጂንጃ (የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ የአምልኮ ስፍራ) የጉብኝት መምሪያ እየተረጎምኩ ነው። «ወደ መቅደሱ ገብተው የቼሪ አበባውን ይጎብኙ» የሚለው ያስኬዳል?

ቀለም ቀንድ፦ አያስኬድም። መቅደስ በእኛ ዘንድ ታቦቱ ያለበት፣ ካህናት ብቻ የሚገቡበት ነው። በሺንቶም ለተሳላሚ ዝግ የሆነ ክፍል አለ፤ «ሆንደን» ይባላል። ሰው የሚጸልየው ከፊቱ ባለው «ሃይደን» ደጃፍ ቆሞ ነው። «መቅደስ»ን ለሆንደን አቆየው፤ ግቢውን በሙሉ «ጂንጃ» በለው። «ቤተ ጣዖት» ግን አደራ! እሱ ፍርድ እንጂ ትርጉም አይደለም።

የጎጃም ልጅ፦ «መጎብኘት» ለአበባው ይሁን፤ ለጂንጃው «መሳለም» ይሻላል። መጀመሪያ እጅ መታጠብ ነው፦ ጭልፋውን በቀኝ ይዞ ግራን፣ አዙሮ ቀኝን፤ እንደገና በቀኝ ይዞ በግራ መዳፍ በተቀበሉት ውሃ መጉመጥመጥ፤ በመጨረሻ ጭልፋውን አቁሞ የተረፈው እጀታውን እንዲያጥበው መልቀቅ። ሁሉም አንዴ በተቀዳ አንድ ጭልፋ ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ አንቆርቁሮ ይጨርሰዋል፤ ወይም ጭልፋውን አፉ ላይ ይደቅነዋል፣ ይህ ነውር ነው። «ጠበል» አትበለው፤ አይጠጣም። የሳንቲሙን ሣጥን ግን «ሙዳየ ምጽዋት» ብትለው እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ሁለት ጊዜ እጅ መንሣት፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንዴ እጅ መንሣት።

ቀለም ቀንድ፦ «ቼሪ»ም አንባቢውን ፍሬ ያስጠብቀዋል። የቦታው ዝነኛ ዛፍ ሺዮጋማዛኩራ አንዱ አበባ ከ35 እስከ 50 የአበባ ቅጠል (ፔታል) አለው፤ ሴቴው የአበባ ክፍል ወደ ትንንሽ ቅጠል ስለተለወጠ ፍሬ አይዝም። «ሳኩራ» በለው። የሚያብበውም ዘግይቶ ነው፣ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ (በእነሱ አቆጣጠር)። ሌላው ሳኩራ ሲረግፍ ይህ ገና እምቡጥ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪው፦ «ካይካ» እና «ማንካይ»ስ?

የጎጃም ልጅ፦ በሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታቸው ልማድ፣ በመለኪያው ዛፍ ላይ 5 ወይም 6 አበባ ሲከፈት ካይካ ነው፤ «ማበብ ጀመረ» በል። 80 በመቶ ያህሉ ሲከፈት ማንካይ፤ ለዚህ «ፈካ» የሚለው ይበቃዋል፣ «ሙሉ በሙሉ» መጨመር አያሻም።

ቀለም ቀንድ፦ ወደ ኮረብታው ስለሚያወጣው መንገድ ደግሞ፦ የፊት ለፊቱ መንገድ «ኦሞቴዛካ» ቀጥ ያለ 202 የድንጋይ ደረጃ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው በምሥራቅ በኩል ቀለል ያለ መንገድ እንዳለ ጻፍለት። ላይ ሲደርስ ፊት ለፊት የሚያገኘው «ሳዩጉ» የሚባለው የአምልኮ ቤት ነው፤ ብዙው እዚያ ተሳልሞ ይመለሳል። ዋናው አምላክ ሺዮትሱቺ ኖ ኦጂ ግን በስተቀኝ ባለው ሌላ ቤት፣ በ«ቤትሱጉ» ነው። ይህን «ተጨማሪ ቤት» ብለህ ከተረጎምክ አንባቢህም ዘሎት ይሄዳል። «ልዩ ቤት» በለው፤ የተለየም የከበረም ማለት ስለሆነ ሁለቱንም ይይዝልሃል።