ቡችላዬ ተቅማጡ አልቆምለት አለ፣ ጎንደር ያላችሁ እባካችሁ

የአራዳው (ጠያቂ)
ሰላም እንዴት ናችሁ። ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ። ቡችላዬ ቡቺ ሆዱ አልስተካከል አለ። ከፋርማሲ ፍላጂል ገዝቼ ስሰጠው ይሻለዋል፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ደግሞ ያው ይመለስበታል። ዛሬ ማታ ንፍጥ የመሰለ ነገርና ትንሽ ደም አየሁበት። የሆድ ባክቴሪያ ነው። ፍላጂሉን እንደገና ልጀምርለት ወይስ ሲፕሮ ይሻላል? ጠዋት ፋርማሲ እንደተከፈተ ልገዛ ነው።

አዘዞ ባጃጅ
ፍላጂል ስጠው ወንድሜ። የኔን ውሻ ያዳነው እሱ ነው።

ቆሎ በኪሴ
ሰውዬው ፍላጂል ሰጥቼው ተመለሰበት እያለ አንተ ፍላጂል ስጠው ትላለህ። የአራዳው፣ ዕድሜው ስንት ነው? ተከትቧል? ያስመልሰዋል? ምን ትመግበዋለህ? ይሄን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ።

የአራዳው
አራት ወር ገደማ። የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ነው የተከተበው። አያስመልሰውም፣ ውሃ ይጠጣል፣ ግን ከስቷል፣ ጨዋታም ቀንሷል። የሚበላው ቤት ያለውን ነው። ጾም ከገባ ወዲህ ሽሮ ፍትፍት፣ ከዚያ በፊት ከሥጋ ቤት ልፋጭና ጥሬ የዶሮ አንጀት።

እትዬ ጓዳ
ኧረ በሞቴ! ሽሮ ለታመመ ቡችላ? በርበሬ አለው፣ ሽንኩርት አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ዘይቱም አለ። እንኳን የሱን የኔንም ሆድ ያቃጥላል። ሩዝ ያለ ጨው ቀቅልና ስጠው ልጄ።

ባላገሩ
በኛ ጊዜ ውሻ ያገኘውን በልቶ ያድግ ነበር። አጥንት ነው፣ ጥንብ ነው፣ ምን ሆነ? አሁን ውሻው ሩዝ፣ ባለቤቱ ሽሮ። ደግሞስ ውሻ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ለማንኛውም ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ በማር ለውሰህ አጉርሰው፣ ለሆድ ማን እንደሱ።

ቬት ማራኪ
ባላገሩ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎት፣ ነጭ ሽንኩርቱን ተዉት። ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለሰው መድኃኒት የሆነ ሁሉ ለውሻ አይሆንም። በእርስዎ ጊዜ የሞቱትን ቡችሎችም ማንም አልቆጠራቸውም።

የአራዳው፣ አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባክቴሪያ ነው ያለህ ማነው? ሰገራው ተመርምሯል? ካልተመረመረ ግምት ነው። በዚህ ዕድሜ ወስፋት ሊሆን ይችላል፣ ደም የሚመጠው የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል፣ ጃርዲያ የሚባለው በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ የሚባለውን ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ክትባት ስላልወሰደ እሱም አይረሳም፤ ብዙ ጊዜ ፓርቮ ማስመለስ አለው፣ ውሻውንም ቶሎ ይጥለዋል፣ ግን ደም ካየን ማጣራት ግዴታ ነው። ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል። ጥሬ የዶሮ አንጀት ይበላ ነበር ስላልክ እኔም ካምፒሎባክተርንና ሳልሞኔላን እጠረጥራለሁ።

በፍላጂል መሻሉ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፍላጂል ጃርዲያንም ይመታል፣ አንዳንዱ ተቅማጥ ደግሞ ምንም ባይወስድ በራሱ ጊዜ ጋብ ይላል። በዚያ ላይ ፍላጂል ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም አብሮ ስለሚጠርግ በተደጋገመ ቁጥር ሆዱ ይበልጥ ይረበሻል። ካምፒሎባክተር ከሆነ ደግሞ ፍላጂል እምብዛም አይነካውም፣ ለሱ የሚታዘዘው ኤሪትሮማይሲን ወይም አዚትሮማይሲን ነው፣ ያውም ተመዝኖ በኪሎው ልክ። ሲፕሮን እርሳው። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ለስላሳ አጥንት ሊጎዳው ይችላል።

መምህሩ
እንግዲህ ነገሩ ከተነሳ አይቀር ልናገር። የዚህ አገር ትልቁ ችግር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንደ ከረሜላ መሸጡ ነው። ሰውም ለራሱ፣ ለላሙ፣ ለዶሮው፣ አሁን ደግሞ ለውሻው፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገዛል፣ ትንሽ ሲሻለው ያቋርጣል፣ የተረፈውን ኮመዲኖ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ጎረቤት ሲታመም ያካፍላል፣ ባክቴሪያውም ይለምደዋል። ነገ እውነተኛ በሽታ ሲመጣ የሚያድን መድኃኒት አናገኝም። መንግሥት፣ ፋርማሲስቱ፣ ወላጅ፣ ሁሉም ተጠያቂ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው

ቆሎ በኪሴ
መምህር፣ ልክ ነዎት፣ ግን ውሻው ዛሬ ማታ ነው የሚያስቀምጠው።

የአራዳው
እሺ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ? ክሊኒክ ዝግ ነው። ሎፔራማይድ ቤት አለኝ፣ ቢያንስ ያቆምለታል?

ቬት ማራኪ
አትስጠው። ኢንፌክሽን ካለ ሎፔራማይድ መርዙን ሆዱ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። የሰው የሕመም ማስታገሻም እንዳትሞክር፣ በተለይ አይቡፕሮፌን።

ዛሬ ማታ ትልቁ ሥራህ ውሃ እንዳያጥረው ነው። ኦአርኤስ ካለህ አንዱን ፓኮ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠህ በትንሽ በትንሹ አጠጣው፣ በአንዴ አትገተው። ጀርባው ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገህ ልቀቀው። ወዲያው ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል። ድዱንም እየው፣ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ደሙ ከበዛ፣ ወይ መቆም ካቃተው እስኪነጋ አትጠብቅ፣ የምታውቀው የእንስሳት ሐኪም ካለ ደውልለት። ምግብ አታስርበው፣ ቡችላ ከተራበ የደሙ ስኳር ይወርዳል። ሩዝ ከተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ጋር፣ ቆዳና አጥንት ሳይኖረው፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ። ወተት ይቅርበት።

የአራዳው
ዶሮ ከየት ይምጣ፣ ጾም ነው እኮ።

እትዬ ጓዳ
የምትጾመው አንተ ነህ ልጄ። ቡቺ ንስሐ አባት አለው እንዴ? የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው።

አዘዞ ባጃጅ
😂😂 ግን እውነቴን ነው፣ ፍላጂል ከሩዝ ጋር ፍቱን ነው።

የአራዳው
አንድ ነገር ረስቼ። ትንሿ ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ነው የምትውለው። እሷንም ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ጥርስ እያወጣች ነው ብለን ነበር። ከሱ ጋር አይገናኝም አይደል?

ባላገሩ
ከውሻ ወደ ሰው የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው። ልጅቷን ለቀቅ።

ቆሎ በኪሴ
ይሄን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረብህ ወንድሜ!!!

ቬት ማራኪ
ሊገናኝ ይችላል። ካምፒሎባክተርም ሳልሞኔላም ከውሻ ወደ ሰው ይጋባሉ፣ ጃርዲያም አልፎ አልፎ። ከውሻው ላይሆንም ይችላል፣ ያን ጥሬ የዶሮ አንጀት የቆረጣችሁበት ቢላና ሰሌዳም በቂ ነው። ጥርስ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ቤት ውስጥ የታመመ ቡችላ እንዳለም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት አይጠይቅም። ለሷም ኦአርኤስ አሁኑኑ ጀምሩላት። የውሻውን መድኃኒት ለልጅ፣ የልጅን ለውሻ እንዳትሰጡ።

እስከዚያ ይለያዩ። እጅ በሳሙና።

የአራዳው
ሚስቴ እየሰማችኝ ነው፣ ጠዋት ትወስዳታለች። ግቢውን በምን ልጠበው፣ ውሃ ከመጣ ቆይቷል፣ ያለችን የበርሜል ውሃ ናት።

እትዬ ጓዳ
መጀመሪያ በአካፋ አንሳና ቅበረው፣ የቀረውን ቦታ በበረኪና። ውሃ ለመቆጠብ ብላችሁ እጅ መታጠብ እንዳትተዉ፣ አንድ ጆግ ይበቃል።

ቬት ማራኪ
ልክ ናቸው። በረኪናው ውሃ ይቀላቀልበት፣ ሳይደርቅም ልጅም ውሻም እንዳይረግጠው።

ጠዋት ቴዎድሮስ ካምፓስ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውሰደው፣ ወይም ወደሚቀርብህ የእንስሳት ክሊኒክ። የዕለቱን ትኩስ ሰገራ ክዳን ባለው ንጹሕ ብልቃጥ ያዝ፣ ፀሐይ አይንካው። አንድ ነገር ልለምንህ፣ ናሙናው ሳይሰጥ ፍላጂል እንዳትጀምር፣ ውጤቱን ያበላሽብሃል። ጃርዲያ በአንድ ናሙና ላይታይ ስለሚችል ደግመህ አምጣ ቢሉህ አትናደድ። የባክቴሪያ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መለየት፣ ከተሠራም ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ሌላው፣ ካምፒሎባክተር ተገኘ ማለትም የግድ በሽታው እሱ ነው ማለት አይደለም፣ ምንም ያልሆነ ውሻ ሆድ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ የትል መድኃኒቱን፣ ምግቡንና ምርመራውን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይልህ ሰው ያስፈልጋል። ሲሻለው ደግሞ የቀሩትን ክትባቶች አስጀምርለት።

የአራዳው
እሺ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ባጃጅ ውሻ አይጭንም፣ ባለፈው አንዱ አባረረኝ።

አዘዞ ባጃጅ
እኔ እጭናለሁ። ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈህ አስገባው፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ላስቲክ አንጥፍ። ካበላሸብኝ ግን አንተ ነህ የምታጥበው፣ ያውም በራስህ ውሃ። በውስጥ መስመር ሰፈርህን ጻፍልኝ።

ቆሎ በኪሴ
ፍላጂሉ በኮንትራት ዋጋው ውስጥ ነው?

አዘዞ ባጃጅ
ሂድ ወደዚያ 😂

ሰሙና በር
ሰላም፣ የኔ ድመት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ታስነጥሳለች፣ ኦአርኤሱ ለሷም ይሆናል?

ቬት ማራኪ
ለብቻው ጠይቅ ወንድሜ። ስትጠይቅ ዕድሜዋንና ክትባቷን ጻፍ።