የኤክሴል ፋይሌ ማህደረ ትውስታ እየጨረሰ ይዘጋብኛል፤ የቀመሩን ገደብ የት ላድርግ?

በአንድ የእህል መጋዘን የንብረት መዝገብ የምይዘው በባለ 32 ቢት ኤክሴል (ሊጠቀምበት የሚችለው ማህደረ ትውስታ ውስን በሆነው ዓይነት)፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ነው። ሰሞኑን አንዲት ቁጥር ባስተካከልኩ ቁጥር መስኮቱ ነጣ ብሎ ይቆምና ማህደረ ትውስታ አልበቃም የሚል መልእክት አሳይቶ ይዘጋል፤ ትናንት ያላስቀመጥኩት የግማሽ ቀን ሥራ በዚሁ ጠፍቶብኛል።

መዝገቤ 9,000 ያህል ረድፍ ብቻ ነው። ሆኖም ኮንትሮልንና ኤንድን አብሬ ስጫን ጠቋሚው የሚያርፈው በ1,048,576ኛው፣ ማለትም በሉሁ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ያለውን ባዶ መሳይ ሕዋስ ጠቅ ሳደርገው ውስጡ የዋጋ መፈለጊያው የቪሉክአፕ ቀመር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቀመሩም የሚፈልገው በተወሰነ ክልል ሳይሆን በመላው ዓምድ ነው። ችግሩ ከዚህ እንደሚመነጭ አምናለሁ።

ትርፉን ረድፍ በአንድ ጊዜ ለመሰረዝ ስሞክር ፕሮግራሙ ተዘጋብኝ። አስቀድሜ ስሌቱን ወደ ማኑዋል (እኔ ሳዝዘው ብቻ ወደሚያሰላበት ሁኔታ) ቀይሬ በየ100,000 ረድፉ ብሰርዝ ይሻላል ወይስ የሚያስፈልገኝን ብቻ ወደ አዲስ ፋይል ልቅዳ? ቀመሩንስ እስከ 20,000ኛው ረድፍ ብወስነው ይበቃል ወይስ መዝገቡን ከመረጃው ጋር ራሱ እያደገ ወደሚሄድ ሠንጠረዥ ልቀይረው? የወር መጨረሻ ቆጠራ ስለደረሰብኝ፣ ይህ የገጠማችሁ ሰዎች የሠራላችሁን መንገድ በቅደም ተከተል ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።