አራተኛ አውሮፕላን ወይስ የመፈተሻ ጠረጴዛ? የደሴና የኮምቦልቻ አባላት የጋራ ፕሮፖዛል

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እሁድ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ሳንስማማ ተለያየን። ግማሾቻችን በሪሞት የሚበር አራተኛ የማሠልጠኛ ሞዴል አውሮፕላን ይገዛ አልን። ግማሾቻችን ደግሞ መጀመሪያ አውሮፕላኖቹ ከመብረራቸው በፊት የሚታዩበትና የሚለኩበት የመፈተሻ ጠረጴዛ ይኑረን አልን። ፕሮፖዛሉን የምናስገባው ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከወርክሾፑ አንድ ጥግ እንዲፈቅድልንና ለዕቃው እንዲያግዘን እንጠይቃለን። ረቂቁን እስከ ዓርብ መጨረስ አለብኝ። ስለዚህ ሐሳባችሁን እዚሁ አስፍሩልኝ።

የኔን ላስቀድም። እኔ ከጠረጴዛው ወገን ነኝ። የወደቁብንን አውሮፕላኖች መዝገብ ትናንት ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት። አንዱ ፕሮፔለሩ ተገልብጦ የታሰረ ነበር። አንዱ ክረምቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ የተቀመጠ ባትሪ ይዞ ተነሳ። የሌላው ጅራት ከብዶ ነበር። ሁሉም ችግር መሬት ላይ እያለን በእጃችን ላይ ነበር። አራተኛ ብንገዛ አራተኛውንም እንደዚሁ እንሰብረዋለን ብዬ እፈራለሁ።

ከኮምቦልቻ፣ የወጣቶቹ ተወካይ፣ ሰኞ ማታ

ጸሐፊያችን አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ያለውን ሁኔታ ላስረዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ተሰልፈው አንዷን ሪሞት ይጠብቃሉ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ አይደርሰውም። ሁለት ሳምንት ሳይነካት የሄደ ልጅ ሦስተኛው ሳምንት አይመጣም። ጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ግን የሚመጡት አውሮፕላን ለማብረር ነው። ይሄ ጉዳይ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ካልገባ እኔ ልፈርምበት አልችልም።

ከሆጤ፣ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ እውነት ብለሃል። ልጆቹን ማጣት የለብንም። ግን ባለፈው ወር የገጠመኝን ልንገርህ።

አንድ ሞተር "ተቃጥሏል" ተብሎ መጣልኝ። ሲያስነሱት ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። አዲስ ሞተር ሊገዙ ነበር። ብረሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተር ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ ከተቋረጠ ልክ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሦስቱን መገናኛዎች አየኋቸው። አንዱ ላይ ስታኞው (የሽቦ መበየጃው) በደንብ ሳይቀልጥ ላዩን ብቻ ይዟል። ብየዳውን ደግሜ ሠራሁት፣ ተነሳ። ስታኞና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የጠየቀኝ። እንደተንቀጠቀጠ ነዳጅ (የባትሪ ኃይል ማለቴ ነው) መስጠት ቢቀጥሉ ኖሮ ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው የፍጥነት መቆጣጠሪያም አብሮ ይነድ ነበር።

ሞተሩ ዞሮ አቅጣጫው ከተገለበጠ ደግሞ ከሦስቱ ሽቦዎች ማንኛውንም ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል። ባትሪ ሲሰካ መቆጣጠሪያው ሳያቋርጥ ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሪሞቱ የነዳጅ ዘንግ ዜሮ ላይ አይደለም፤ ወይ ትሪሙ (የዘንጉ ጥቃቅን ማስተካከያ) ከፍ ብሏል፣ ወይ አቅጣጫው ተገልብጧል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ማስተካከያ ነው። አዲስ ዕቃ እንድንገዛ ከሚያደርጉን ነገሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በደማቁ ይጻፍልኝ። ጠረጴዛ ላይ የሚስተካከል አውሮፕላን ፕሮፔለሩ መጀመሪያ ይፈታል። ጣት የሚቆርጥ ነገር ነው፣ ልጆች አሉን።

ከፒያሳ፣ የፊዚክስ መምህርት፣ ማክሰኞ ማታ

ለጠረጴዛው የምከራከርበት ሌላ ምክንያት አለኝ። እሱም የራሳችን አየር ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በ15 ዲግሪ ሙቀት አየራችን ከባሕር ጠለሉ መለኪያ በሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ዝቅ ትላለች፣ ግን ትሞቃለች። ሙቀት ደግሞ አየርን ያሳሳል። በ25 ዲግሪ ቀን የሁለታችን ልዩነት የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከሚመስለን በጣም ያንሳል። ስለዚህ "እናንተ ደጋ ናችሁ፣ እኛ ቆላ ነን" ብለን የምንከራከረውን እንተወው። ችግሩ የጋራችን ነው።

የሳሳ አየር ምን ያደርጋል? ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ልጆቹ ሲያሳርፉ "ከዳችኝ፣ ዝም ብላ ወረደች" የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ዝግታ ይዘው ይመጣሉ፣ ክንፉ እዚህ በዚያ ፍጥነት አይሸከምም። ፕሮፔለሩም እንደዚሁ ነው። ባለ 10 ኢንቹ እዚህ ሲዞር የሚቀዝፈው አየር ትንሽ ነው። ትንሽ አምፔር ይስባል፣ ትንሽ ይገፋል። ወደ 11 ኢንች ብንወጣ የጎደለውን እናካክሳለን። ግን በግምት መውጣት አይቻልም፤ የሚሳበውን ኃይል በሚያሳይ መለኪያ፣ በዋትሜትር፣ መለካት አለበት።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ዋትሜትሩ በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል ይገባል። አውሮፕላኗ በደንብ ትታሰራለች፣ ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን ሰው አይቆምም። ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶ ለጥቂት ሰከንድ ይነበባል። 11 ቮልትና 20 አምፔር ካሳየ 220 ዋት ነው። ለማሠልጠኛ አውሮፕላን በኪሎ ከ150 እስከ 200 ዋት ገደማ የተለመደ መነሻ ነው። መቆጣጠሪያው 30 አምፔር የሚል ከሆነ ከ25 እንዳናልፍ እመክራለሁ። የሳሳ አየር ሙቀትን የማውጣት አቅሙም ያንሳል።

እኛ እስካሁን አንድም ጊዜ እንዲህ ለክተን አናውቅም። ሁሌም የምንሄደው ሌላ አገር በተጻፈ ቁጥር ነው። የራሳችንን ቁጥር በየአውሮፕላኑና በየፕሮፔለሩ መዝግበን ብንይዝ ለሚመጡት ልጆች ትልቅ ሀብት ነው።

ከሰኞ ገበያ፣ ነባር አባል፣ ረቡዕ ጠዋት

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ባትሪ ብቻ ልናገር። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ ከሰው እግር ሥር፣ በፌስታል ይዘን የምንሄደው ነገር ያስጨንቀኛል። የብረት ሳጥን ይገዛ። ጫፎቹ እንዳይነካኩ ይሸፈኑ። ያበጠ ባትሪ መኪና ላይ አይወጣም።

ሙሉ የሆነ ሴል (የባትሪው አንድ ክፍል) 4.2 ቮልት ነው። ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ ወደ 3.8 ይወርዳል። ስናበርም 3.5 ላይ ሲደርስ ማረፍ ነው። ባለ 2,200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ በ2.2 አምፔር ቻርጅ ይደረጋል፣ ከዚያ አይለፍ። ቻርጀሩ ላይ ሁልጊዜ ሰው ይቀመጥ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ቻርጀር እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የሴሉን ቁጥር በሰው ዓይን ማየት ያስፈልጋል። አጠገቡም አሸዋ በባልዲ ይኑር።

ከቦሩ ሜዳ፣ ረቡዕ ማታ

ስለ ሜዳው በአጭሩ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ስላለ እዚያ ማብረር ይቅር። እኛ ጋ ከመኖሪያውና ከሆስፒታሉ የራቀ ገላጣ ቦታ አለ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ አይሞከርም። ግን ከሁሉም በፊት ፈቃድ። በአሁኑ ጊዜ በሪሞት የሚበር ነገር ሰማይ ላይ ሲታይ ሰው ይደነግጣል። ከሚመለከታቸው አካላት በጽሑፍ ፈቃድ እስኪመጣ ምንም ነገር አይነሳ። ቀበሌውም ገበሬውም ቀድሞ ይወቅ። ይሄ በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለኛል።

ከኮምቦልቻ፣ የወጣቶቹ ተወካይ፣ ሐሙስ ጠዋት

ሁሉንም አነበብኩ። መምህርት፣ ስለ አየሩ የጻፉትን ለልጆቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልኬቱን እኛ እንሥራ አሉ። ፈቃዱ እስኪመጣ ደግሞ የሚሠሩት ነገር ያገኛሉ ማለት ነው።

እንዲህ ቢሆንስ? አራተኛ አውሮፕላን አንግዛ፤ አካሉን በፎም ራሳችን እንሥራ። የምንጠይቀው ሁለተኛ ሪሞት ይሁን፣ ከአሠልጣኙ ሪሞት ጋር የሚገናኝ። ልጁ ያበራል፣ ሲሳሳት አሠልጣኙ ማብሪያዋን ለቆ ይቀበለዋል። ያኔ ጀማሪውም ሳይፈራ እጁን ያፍታታል፣ ስብራቱም ይቀንሳል። በዚህ ከተስማማን እፈርማለሁ።

ከሆጤ፣ ጠጋኝ፣ ሐሙስ ጠዋት

አብሽር! ይሄ በጣም ጥሩ ነው። የፎሙን ሥራ ቅዳሜ መጥቼ አብሬያችሁ እሠራለሁ።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ ማታ

አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፦

"ማኅበሩ ከወርክሾፑ አንድ ጠረጴዛ፣ ዋትሜትር፣ ሴል የሚያመዛዝን ቻርጀር፣ ለባትሪ የብረት ሳጥን፣ ባለ 10 እና ባለ 11 ኢንች መለዋወጫ ፕሮፔለሮች፣ እንዲሁም ከአሠልጣኝ ሪሞት ጋር የሚገናኝ አንድ ተጨማሪ ሪሞት ይጠይቃል። አካሉን አባላት በፎም ይሠራሉ። ማንኛውም አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት በጠረጴዛው ላይ ያልፋል። መጀመሪያ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ የመሪዎቹ አቅጣጫ ይታያል፤ ወደ ቀኝ ሲታዘዝ የቀኙ አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው መሪ) ወደ ላይ መነሳት አለበት። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ መቆሙ ይረጋገጣል። ከዚያ ፕሮፔለሩ ጽሑፉ ወደ ፊት ሆኖ ይታሰራል፣ ኃይሉ ይለካል። አውሮፕላኑ የሚመዛዘንበት ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ውስጥ መውደቁ ይታያል። ውጤቱ ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች ክፍት ይሆናል። በጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ በረራ አይካሄድም።"

የፈቃዱ ጉዳይ እንደተባለው የመጀመሪያው ገጽ ላይም ይገባል። የሚቀየር ካለ እስከ ነገ 4 ሰዓት ጻፉልኝ።

ከፒያሳ፣ የፊዚክስ መምህርት፣ ሐሙስ ማታ

አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ። ኃይሉ ሲለካ አውሮፕላኗም ትመዘን፤ ስትመዘንም ባትሪዋ ውስጧ ይሁን። ባዶዋን ከመዘንን በኪሎ የምናወጣው ዋት ከእውነተኛው በልጦ ይወጣል። ሚዛኑን እኔ ከቤት አመጣለሁ።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ጠዋት

ገብቷል። 4 ሰዓት ላይ አትሜ በሚኒባስ እወርዳለሁ። የወጣቶቹ ተወካይ መናኸሪያ ጠብቀኝ፣ እዚያው ትፈርማለህ።