«ቱዮ» ቋንጣ ነው ወይስ ድርቆሽ?

ቃል የምትወዱ ሰዎች እስቲ ገላግሉኝ። ዱባይ እያለሁ ክፍል የምትጋራኝ ፊሊፒናዊት ጠዋት ጠዋት «ቱዮ» የምትለውን ዓሣ ስትጠብስ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ ጎረቤት በር ያንኳኳ ነበር፣ ለእማዬ በስልክ «የዓሣ ቋንጣ» ነው አልኳት። ልክ ነኝ? ደሞ «ቶዮ»ም ትላለች፣ አንድ ናቸው?

— አይደሉም እህቴ። ቶዮ የአኩሪ አተር ሶስ ነው፣ ከቻይንኛ የገባ፣ ሰውን «ቶዮ አለበት» ካሉ ግን ነካ ያደርገዋል ማለታቸው ነው😂 ቱዮ በታጋሎግ «ደረቅ» ነው በቃ። ሰርዲን ብጤ ትንንሽ ዓሣ ሆዱ ሳይከፈት ጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስለዚህ ድርቆሽ በይው፣ እሱም ስሙን ያገኘው ከመድረቁ ነው። ቋንጣ ተዘልዝሎ ነው የሚሰቀለው፣ ለሱ የሚቀርበው በቢላ ለሁለት ተከፍቶ የሚደርቀው «ዳኢንግ» ነው። እሱም አነባበቡን ካሳትሽው እሮሮ፣ ማቃሰት ይሆናል፣ ልክ ገና በዓሉና ገና ያልደረሰው በመጥበቅ በመላላት እንደሚለዩት።

— ድርቆሽ ስትሉ ለኔ የሚመጣልኝ የበሬ ምግብ ነው ይቅርታ

— ሴቡ ደሴት ላይ ደሞ «ቡላድ» ነው የሚሉት፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ከሚለው። ታቦአን የሚባል ገበያቸው በዚህ የታወቀ ነው። እንግዲህ የኛው «ስጥ» አይሻልም?

— ነርስ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ «ዲሊስ» የሚሏት ደቃቋ ደሞ ከነአጥንቷ ስለምትበላ ካልሲየም አላት። ችግሩ ጨው ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ግፊት ያለበት ሰው ባይለምደው ይሻላል።

— ጨዋማነቱ እኮ ነው ጥቅሙ፣ አንዷ ዓሣ አንድ ሳህን ሩዝ ታስበላለች። እነሱ ከሩዝ ጋ የሚበላውን ሁሉ «ኡላም» ይላሉ፣ ቁርጥ የኛ ማባያ። በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሩዝና ሆምጣጤ አጠገቡ ካለ ቁርስ ነው፣ ሲያሻቸው ደሞ በቸኮሌት የሩዝ ገንፎ (ቻምፖራዶ) ይበሉታል፣ እኔ ቀምሼዋለሁ አትሳቁ ይጥማል። ድሮ ቱዮ በላን ማለት አጣን ማለት ነበር፣ አሁን ዘይት ውስጥ ታሽጎ በጠርሙስ እንደ ቅንጦት ይሸጣል፣ ሽሮ ሆቴል ገብታ እንደኮራችው።

— እሺ፣ ለእማዬ ደውዬ «ስጥ ነው» ብያት ነበር፣ «ታዲያ ዶሮውን ማን ይጠብቃል?» አለችኝ።