«ፖሊሲስቲክ» ተብሎ ሲስት ከሌለ፣ ፒሲኦኤስ ስሙ ይቀየር ሲባል የሚቀየረው ምኑ ነው?

ጠያቂ፦ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ «ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ» የሚል ስም የተሰጠው የሴቶች የሆርሞን መዛባት) ስሙ ይቀየር የሚለውን ክርክር እየተከታተልኩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የአልትራሳውንድ ወረቀቷ ላይ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ» ተብሎ የተጻፈላት፣ የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ፣ ብጉርም የአገጭ ፀጉርም የሌላት ሴት ችግሩ አለባት ይባላል? የለባትም ከተባለ ስሙ ምን ሊነግረን ነው?

አዋላጅ፦ በዚህ ብቻ አለባት አይባልም፣ እህቴ። ከሦስቱ ሁለቱ መሟላት አለባቸው፦ የወር አበባ መዛባት (ከ21 ቀን ያነሰ ወይም ከ35 ቀን የበለጠ ዑደት፣ ወይም በዓመት ከ8 ያነሰ)፤ የወንዴ ሆርሞን መብዛት፣ በፀጉር አበቃቀል ወይም በደም ምርመራ የታየ፤ ሦስተኛው የኦቫሪው (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) መልክ። እሷ ያላት አንዱ ብቻ ነው። የወር አበባ በሰዓቱ መጥቶም እንቁላል ላይወጣ ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ቀጣዩ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፕሮጀስትሮን (እንቁላል መውጣቱን የሚያሳይ ሆርሞን) ይለካል።

ወረቀቱ ላይ «ሲስት» (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) የተባሉት ሲስት አይደሉም። ከ2 እስከ 9 ሚሊሜትር የሆኑ፣ እድገታቸው መሃል መንገድ ላይ የቆመ ፎሊክሎች (እንቁላል የሚያድግባቸው ትናንሽ ከረጢቶች) ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እንቁላል ይዘዋል። ኢንሱሊንና ኤልኤች (ከአንጎል ሥር መጥቶ ኦቫሪን የሚያዝ ሆርሞን) ሲበዙ ኦቫሪው የወንዴ ሆርሞን አብዝቶ ያመርታል፣ ፎሊክሎቹም ሳይበስሉ ይቀራሉ። እኛ ጋ ግን «ሲስት አለብሽ» የተባለች ሴት የምትሰማው «እጢ» ነው፤ ቀጥሎ የምትጠይቀውም «መቼ ነው በኦፕራሲዮን የሚወጣልኝ?» ብላ ነው። የሚወጣ ነገር የለም።

ታሪክ አዋቂ፦ ጥፋቱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ቺካጎ ላይ ነው። ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሐኪሞች 7 ሴቶችን አይተው ከኦቫሪያቸው ቁራጭ ሲያወጡ የወር አበባቸው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ተጠያቂው ኦቫሪ ሆኖ ቀረ። የሚገርመው በ1990 የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ያስጠራው ስብሰባ ያወጣው መስፈርት አልትራሳውንድን ጭራሽ አልጠየቀም ነበር። እሱን ያስገባው የ2003ቱ የሮተርዳም ስምምነት ነው። በ2012 ደግሞ ያው ተቋም የሰበሰበው ገለልተኛ ቡድን «ስሙ ያሳስታል፣ ይቀየር» ብሎ መከረ።

መስፈርቱም ቆሞ አልቀረም። በ2003 በአንድ ኦቫሪ 12 ፎሊክል ይበቃ ነበር፤ የመሣሪያው ምስል ጥራት ሲጨምር ጤነኛዋም ወጣት 12 ይቆጠርላት ጀመር። አሁን 20 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኦቫሪው 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የ2023ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ሴት በአልትራሳውንዱ ፈንታ የኤኤምኤች (ፎሊክሎቹ የሚያመነጩት ሆርሞን) ደም ምርመራን ፈቅዷል። በእኔ እይታ ስሙን ባዶ ያደረገው ይኸው ነው፤ ኦቫሪውን ሳታይ ልትመረምር ትችላለህ።

የላብ ሰው፦ ሁለቱንም እደግፋለሁ፣ ግን ውጤቱን በብዛት የሚያበላሸው ስሙ ሳይሆን ጊዜው ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒን እየዋጠች ቴስቶስትሮን (ዋናው የወንዴ ሆርሞን) የተለካላት ሴት ውጤቷ አይታመንም፤ ክኒኑ ሆርሞኑን የሚይዘውን ፕሮቲን ስለሚጨምር ነፃው ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ይታያል። ቢያንስ 3 ወር አቁማ (ሆርሞን የሌለበት መከላከያ እየተጠቀመች) ትመለስ። የመጀመሪያ የወር አበባዋን ካየች 8 ዓመት ያልሞላት ልጅ ላይ ደግሞ አልትራሳውንዱም ኤኤምኤችም ለዚህ ምርመራ አይውልም፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ፎሊክል ጤና ነው። ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) እና 17-ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን (የአድሬናል እጢ ችግርን የሚያሳይ ሆርሞን) ሳይታዩም ፒሲኦኤስ ነው ብሎ መዝጋት ስህተት ነው። ታይሮይድ ብቻውን የወር አበባን ያዛባል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቀጭን ሴትስ? «ሜታቦሊክ» (ሰውነት ስኳርንና ኃይልን የሚጠቀምበትን መንገድ የሚመለከት) የሚል ቃል ስሙ ውስጥ ይግባ የሚሉት እሷን አያስወጧትም?

አዋላጅ፦ አያስወጣትም፤ ቀጭኗም ላይ ኢንሱሊን ሊበዛ ይችላል። ለዚህ ነው መመሪያው ክብደትና ዕድሜ ሳይለይ በጾም የ75 ግራም ግሉኮስ የ2 ሰዓት ምርመራ የሚያዘው፣ በየ1 እስከ 3 ዓመቱም እንዲደገም። የወር አበባዋ 90 ቀን አልፎ ካልመጣ፣ እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጣ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን እየወፈረ ነው የሚቀመጠው። አልትራሳውንድ ለሠራላት ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ታቅርብ፦ «በእያንዳንዱ ኦቫሪ ስንት ፎሊክል ቆጠርክ፣ መጠኑስ ስንት ሚሊ ሊትር ነው?»